በደጅ የተመለሰችው፤ የግብጻዊት ማርያም ንስሐ

ግብጻዊት ማርያምን ስንክሳራችን ሚያዝያ 6 ቀን ያስባታል። ገድሏን በጽርዕ ቋንቋ የጻፈው እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ638 ዓ.ም. ያረፈው የኢየሩሳሌም ፓትርያርክ ሶፍሮንዮስ እንደ ሆነ በትውፊት ይነገራል። በኢየሩሳሌም ለምንማርና ለምንሳለም ሁሉ ይህ ገድል ቅርባችን ነው፤ ቅድስቲቱ የተለወጠችው በዚችው ከተማ ነውና።

በ12 ዓመቷ ወላጆቿን ትታ ወደ እስክንድርያ ወረደች፤ 17 ዓመትም በዝሙት ኖረች። ይህንንም ያደረገችው ለገንዘብ አልነበረም፤ እየለመነችና ተልባ እግር እየፈተለች ትተዳደር ነበርና። ኀጢአትን ስለ ራሱ ወደደችው እንጂ። አንድ ቀን ብዙ ሰዎች ወደ ባሕር ሲጣደፉ አይታ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀች፤ የመስቀሉን በዓል ሊያከብሩ ወደ ኢየሩሳሌም መሆኑን ነገሯት። እርሷም ተጓዦቹን ልታስት ተሳፈረች፤ የመርከቡንም ዋጋ በሥጋዋ ከፈለች።

በበዓሉ ዕለት ከሕዝቡ ጋር እየተጋፋች ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደረሰች። ሌላው ሁሉ ሲገባ እርሷን ግን መድረኩን ልትረግጥ ስትል የማይታይ ኀይል መለሳት። ሦስት አራት ጊዜ ሞከረች። በመጨረሻ ጉልበቷ ዝሎ ከጥግ ቆመች፤ ለሁሉ የተከፈተው በር ለእርሷ ብቻ ስለ ምን እንደ ተዘጋ ያን ጊዜ አስተዋለችና አለቀሰች። ቀና ብትል የእመቤታችንን ሥዕል አየች። መስቀሉን ለማየት ቢፈቀድላት ዓለምን ትታ ወደምትመራት እንደምትሄድ ተሳለች። ከዚህ በኋላ ያለ ከልካይ ገብታ ሰገደች። ስትወጣም ዮርዳኖስን ብትሻገር ዕረፍት እንደምታገኝ የሚነግራት ድምፅ ሰማች። 3 ኅብስት ገዝታ በዚያው ቀን ተነሣች፤ አባ ዞሲማስ እስኪያገኛት ድረስም 47 ዓመት በምድረ በዳ ኖረች።

ተሳላሚ ሆይ፥ ዛሬ የምንገባበት የደቡብ በር በመስቀላውያን ዘመን የተሠራ ነው። የጥንቱ፥ በ335 ዓ.ም. የተቀደሰው የቆስጠንጢኖስ ሕንፃ፥ ዋና መግቢያው በምሥራቅ ነበረ፤ በ614 ፋርሶች አቃጠሉት፥ በ1009 ደግሞ በአል ሐኪም ትእዛዝ ፈረሰ። ከዛሬው በር በስተቀኝ በስሟ የምትጠራው ትንሽ ጸሎት ቤት መታሰቢያዋ ናት እንጂ እርሷ የቆመችበት ደጅ አይደለችም። ከዴር ሡልጣን በቅዱስ ሚካኤል ቤተ መቅደስ በኩል ወደ አደባባዩ ስንወርድ በአጠገቧ እናልፋለን።

ድንጋዩ ቢለወጥም ትምህርቱ ጸንቷል። መከልከሏ ምሕረት ነበረ፤ በቀላሉ ገብታ ቢሆን እንደ መጣች በተመለሰች ነበርና። እንግዲህ ሊያስፈራን የሚገባው የሚከለክለን ሳይኖር በየቀኑ የምንገባ የእኛ ነገር ነው። ያልተከለከለ ሁሉ የተገባው አይደለም። እርሷ አንድ ጊዜ ገብታ ስእለቷን ዕድሜዋን ሁሉ ፈጸመች፤ እኛስ ስንት ጊዜ ገብተን ምን ይዘን ወጣን?

ለጥናት፦
1. ማርያም የተሳለችው ከመግባቷ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህ ስለ ንስሐ ምን ያስተምራል?
2. በቅዱስ ስፍራ መገኘትና ለቅዱስ ስፍራ የተገባ መሆን በምን ይለያያሉ?