የሸማኔው ዋጋና የነጋዴው ምጽዋት

ንግድ በራሱ ነውር ያለበት ሥራ አይደለም። ቀይ ሐር ሻጭ የነበረችው ልድያ ቤቷን ለሐዋርያት እንደ ከፈተች በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ተጽፏል። ስለዚህ የነጋዴ ኀላፊነት እስከ ምን ድረስ ነው ብለን ስንጠይቅ ንግድን ለመንቀፍ ሳይሆን ነጋዴው ለማን ባለዕዳ እንደ ሆነ ለመለየት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያስብ የሚመለከተው ከትርፍ በኋላ ያለውን ብቻ ነው፤ ይኸውም ነጋዴው ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን፣ ለችግረኛ፣ ለትምህርት ቤት ምን ያህል ሰጠ የሚለውን ነው። ትርፉ ራሱ ከወዴት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። በጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ ሽሮ ሜዳ የሚባለው የአገር ልብስ ገበያ አለ። እሑድ ማለዳ ምእመናን ለብሰውት ወደ ቅዳሴ የሚሄዱት ነጠላና ጋቢ አብዛኛው ከዚህ አካባቢ የሚወጣ ነው። በየመንደሩ እግሩን ከጉድጓድ አውርዶ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲወረውር የሚውለው ሸማኔ ብዙውን ጊዜ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ ወገን የመጣ ነው። ድሩንና ማጉን በገንዘቡ ይገዛል፤ ሠርቶ ሲጨርስ ለነጋዴ ይሸጣል። ነጋዴው ሱቅ አለው፤ ሸማኔው ግን ለዛሬ እንጀራ፣ ለነገ ደግሞ ፈትል ያስፈልገዋል። ነጋዴው መቆየት ይችላል፤ ሸማኔው አይችልም። ዋጋውን የሚቆርጠው እንግዲህ የጥበቡ ማማር ሳይሆን ይህ አለመቻል ነው። ለእንቍጣጣሽ፣ ለገናና ለጥምቀት ገበያው ይደምቃል፤ በክረምት ሲቀዘቅዝ ግን ሸማኔው በተባለው ዋጋ ይለቃል።

ይህ ሙያ በቅዱሳት መጻሕፍት የተናቀ አይደለም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 35 እግዚአብሔር ባስልኤልንና ኤልያብን በጥበብ እንደ ሞላቸው ሲነገር የሸማኔ ሥራም አብሮ ተቈጥሯል። እመቤታችንም በቤተ መቅደስ ሐርና ወርቅ ስትፈትል እንደ ኖረች አበው ያስተምራሉ። በአገራችን ግን ሸማኔ ለብዙ ዘመን በሙያው ሲሰደብ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ስለዚህ ነው። የአፍ ስድቡ ቀስ በቀስ ቀንሷል። ይሁን እንጂ ስድቡ ከአፍ ወርዶ ወደ ዋጋ የገባ ይመስላል።

«እኔ ሸማኔውን አልቀጠርሁትም፤ የሸጠልኝን ገዛሁ እንጂ» የሚል ነጋዴ ይኖራል። በሕግ ቋንቋ ይህ አነጋገር ሊያስኬድ ይችላል፤ ሸማኔው ብዙ ጊዜ የቅጥር ውል የለውምና። ነገር ግን ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የድኻው ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይከፈል ዘንድ ሲያዝዝ ምክንያት አድርጎ የሚያነሣው ውሉን ሳይሆን የድኻውን ነፍስ በዚያ ዋጋ ላይ መንጠልጠልዋን ነው። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የተቀማው ዋጋ ራሱ እንደሚጮኽ ይናገራል። «የእኔ ሠራተኞች አይደሉም» የሚለው ምክንያት በሌላም አገር ተሰምቷል። ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 የሚበልጡ ልብስ ሰፊዎች በሞቱ ጊዜ፣ ልብሱን በአውሮፓና በአሜሪካ የሚሸጡት ኩባንያዎች ሠራተኞቹን በቀጥታ የቀጠሩ አልነበሩም። ዓለም ግን ጥያቄውን ለእነርሱም አቀረበ።

ከዋጋው የሚከፋ ሌላ ነገር አለ። ከጋሞ ደጋ ሕፃናት «ከተማ ወስደን እናስተምራችኋለን» እየተባሉ መጥተው ከሸማኔ ጉድጓድ መቀመጣቸው ለረጅም ዘመን ሲነገር የኖረ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም እንዳይሠራ ያዝዛል። ይሁን እንጂ ተቈጣጣሪ ወደ ሰው ጓዳ መግባት ይቸግረዋል። ነጋዴው ግን ነጠላውን ከማን እጅ እንደሚቀበል ያውቃል።

በአንጻሩ የነጋዴውንም ችግር መስማት ተገቢ ነው። ከሸማኔ ቤት ወጥተው ነጋዴ የሆኑ፣ ለሸማኔው ፈትል አስቀድመው የሚሰጡም አሉ። ከቻይና በመኪና ታትሞ የሚመጣው የጥበብ አምሳል ዋጋውን ሰብሮባቸዋል፤ እጅግ ረክሶ ካልተሸጠ አንገዛም የምንለውም እኛው ነን። ስለዚህ ዕዳው ከነጋዴው ጋር ያልቃል ማለት አንችልም፤ ገዢውም ተካፋይ ነው።

አንዳንዱ ግን ከሸማኔው ያጐደለውን በዐሥራት ሊክስ ያስባል። መጽሐፈ ሲራክ ከድኻ ገንዘብ የሚቀርበውን መሥዋዕት አጥብቆ ይነቅፋል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም፣ ክርስቶስ በድኻው አካል እየተራበ ለመንበሩ የወርቅ ጽዋዕ ማቅረብ ምን ይጠቅማል የሚል ትምህርት ትቶልናል። ምጽዋት ከራስ የሚሰጥ ነው፤ የሸማኔው ዋጋ ግን ቀድሞም የነጋዴው ገንዘብ አልነበረም።

አጥቢያዎቻችን ለሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ልብስ በብዛት ያሠራሉ። እንዲህ ያለ ገዢ መጠየቅ ይችላል፦ ማን ሸመነው? ስንት ተከፈለው? ዕድሜውስ ስንት ነው? ለጥምቀት የሚሆነውንም በታኅሣሥ ግርግር ከመጋፋት ይልቅ፣ ገበያው በሚቀዘቅዝበት በሐምሌና በነሐሴ ቀብድ ሰጥቶ ማሠራት ይቻላል፤ ሸማኔው ያን ጊዜ ለክረምቱ የፈትል መግዣ አያጣም።