ጣት መስታወት ላይ እንዴት ይረፍ

በእንጭኒና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ለፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የሚሰለፈው ሰው አብዛኛው በእጁ ሠርቶ የሚያድር ነው። ገብስና ድንች የሚያመርተው፣ ድንጋይ የሚፈልጠው፣ በዚያው በአዳአ በርጋ ወረዳ ሙገር ባሉት የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚውለው ሁሉ ይመጣል። ማሽኑ አሻራቸውን ለማንበብ የሚቸገረውም የእነዚህኑ ሰዎች ነው። ስለዚህ ይህን ትምህርት መዝጋቢውም ተመዝጋቢውም ረጋ ብለው ይከታተሉት።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ይህ መታወቂያ ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጣል። ሰውየው አስቀድሞ አለመመዝገቡ የሚጣራው በአሥሩ ጣቶች አሻራ፣ በሁለቱ ዓይኖች አይሪስና በፊት ፎቶ ነው። የደበዘዘ አሻራ ይህን ማጣራት ያዳክማል፤ ባለቤቱንም በኋላ በተጠየቀበት ሁሉ ያንገላታዋል።

ማሽኑ የሚያየው ምንድን ነው? ከመስታወቱ ሥር ብርሃን አለ። ከቆዳው ከፍ ብሎ የወጣው መስመር መስታወቱን ሲነካ በምስሉ ላይ ጠቁሮ ይታያል፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ስለማይነካ ነጭ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ከዚህ ምስል ላይ መስመር የሚያልቅባቸውንና ለሁለት የሚከፈልባቸውን ነጥቦች ይለቅማል። አንዱን ሰው ከሌላው የሚለየው የእነዚህ ነጥቦች አቀማመጥ ነው። ነጥቦቹን አሟልቶ ለማግኘት የጣት ጫፍ አይበቃም፤ መስመሮቹ የሚጠማዘዙበት የጣቱ ሥጋማ ክፍል፣ መሐሉ፣ መታየት አለበት።

እንግዲህ ጣት አይቁም፣ ይተኛ። ጥፍሩ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከጫፉ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ያለው ሥጋ ሙሉ በሙሉ መስታወቱ ላይ ይረፍ። አራቱ ጣቶች አንድ ላይ ሲነሱ ትንሿ ጣት አጭር ስለሆነች ወደ ጎኗ ትጋደማለች፤ መዝጋቢው በተለይ እሷን ይመልከት። ማሽኑ ከተመዝጋቢው ክርን በላይ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ጣቶቹ መተኛት ይቸግራቸዋልና ዝቅ ይደረግ። ቀኝ እጅ ሲጠየቅ ግራ እንዳይቀርብም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምስሉ የቱንም ያህል ቢጠራ በተሳሳተ እጅ ስም ከተመዘገበ ነገ ባለቤቱን ያስቸግራል።

በጣም የሚከብደው የጉልበቱ መጠን ነው። ሽማግሌዎቻችን ውል የፈረሙት አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ወረቀት ላይ ጫን በማድረግ ነበር፤ አሁንም እጃቸው ያንኑ ያደርጋል። መስታወት ላይ ግን ሲጫኑት መስመሮቹ ይተኙና ጎርፍ እንደጣሰው ትልም ይቀላቀላሉ። መዝጋቢው «ይጫኑ!» እያለ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ምስሉ ይበላሻል። «አባባ፣ ቀስ ብለው ያሳርፉት» ይበል፤ በኦሮምኛም «ሱታ» ይበላቸው። ካሳረፉ በኋላ ማሽኑ እስኪጨርስ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም።

ደረቅ እጅ ሌላ ችግር አለው። ሲሚንቶ የቆዳን ርጥበት ይመጥጣል፣ መስመሮቹንም ያሻክራል፤ የደጋው ብርድም ይጨምርበታል። እንዲህ ያለ ጣት መስታወቱን በየቦታው ብቻ ስለሚነካ መስመሩ የተቆራረጠ ሆኖ ይታያል። እጅን በለብታ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ፣ ከዚያም ጣቱን ግንባር ላይ አሸት አድርጎ የቆዳን ወዝ ማስነካት ብዙ ጊዜ ይረዳል። ቅባት ካለ ጥቂት ይበቃል፤ ሲበዛ ክፍተቶቹን ይሞላቸዋል፣ ላብም እንደዚሁ። መስታወቱም ከቀዳሚው ሰው በተረፈ ወዝ ስለሚጋረድ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይወልወል። ይህ ሥራ የመዝጋቢው ነው፤ ወረፋው ረጅም ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም።

አሻራቸው በሥራ ያለቀ ሰዎች «ጠፋብኝ» ብለው ይጨነቃሉ። የመስመሮቹ መሠረት ከላይኛው ቆዳ ሥር ስለሆነ፣ ላይ ላዩን ብቻ ከተፋቀ፣ እጁ ከሥራው ጥቂት ሲያርፍ መልሶ ይወጣል። መልሶ የማይመጣው ጥልቅ ቁስልና ቃጠሎ ያጠፋው ነው። ጣት ለጎደለው ሰውም ጉድለቱ ተመዝግቦ አይሪሱና ፊቱ ይነሳሉ እንጂ እንዲሁ መመለስ የለበትም።

ተመዝግበው በኋላ ባንክ ወይም ሌላ ቦታ አሻራ ሲጠየቁ ጣትዎን በምዝገባው ቀን እንዳስተኙት ያስተኙት። አንዱ ጣት እምቢ ካለ እሱኑ ደጋግሞ ከመጫን ሌላውን ይሞክሩ፤ የተመዘገቡት አሥሩም ናቸው።