ገዢው ሲቀር ቀብዱ ይመለሳል ወይ?

ገበያው ሲዋዥቅ ሁሌ የሚነሳ ጥያቄ ነው፦ ገዢው "ይቅርብኝ" ካለ ሻጩ ቀብዱን መመለስ አለበት ወይ?

መልሱ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ላይ አለ። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

እስቲ እናስላው። 200 ኩንታል በቆሎ፣ ቀብድ 50,000 ብር እንበል። ዋጋው በኩንታል 300 ብር ቢጨምር፣ ሻጩ ለሌላ ሸጦ 60,000 ብር ተጨማሪ ያገኛል። እጥፉን 100,000 ቢመልስም ግማሹ የገዢው ብር ስለሆነ ከራሱ ኪስ የሚወጣው 50,000 ነው። ማፍረሱ 10,000 አተረፈው ማለት ነው! ዋጋው በ300 ቢወርድ ደግሞ ገዢው በዚሁ ስሌት ቀብዱን ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ቀብድ ስትቆርጡ፣ እስከ ርክክብ ቀን ዋጋው ምን ያህል ሊንቀሳቀስ እንደሚችል አስቡ። ከዚያ ያነሰ ቀብድ ማንንም አያስርም።

አንድ ጥንቃቄ፦ ቅድሚያ ክፍያ ቀብድ አይደለም። የዋጋው አካል ስለሆነ ውሉ ሲፈርስ ወደ ከፋዩ ይመለሳል (ቁጥር 1815)፤ የተጎዳ ሻጭ ካሳውን ለብቻ ይጠይቃል። ወረቀቱ ላይ "50,000 ብር ተቀብያለሁ" ብቻ ከተጻፈ ጭቅጭቁ እዚያው ይጀምራል።

ስለዚህ ብሩ ቀብድ ይሁን ቅድሚያ ክፍያ፣ ማን ሲያፈርስ ምን እንደሚሆን ጽፋችሁ ተፈራረሙ።

መልካም ገበያ!