ኮረም ሳይሞላ የማይነሳው ጠላት

 

የሻፊዒይ ፊቅህ የቀራችሁ ለጁሙዓ 40 ሰው እንደሚፈለግ ታውቃላችሁ። የዕድር ስብሰባም ኮረም ካልሞላ አይጀመርም። በዓይን የማይታይ አንድ ፍጥረትም ቁጥሩ ሳይሞላ ሥራ አይጀምርም።

ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ ይባላል። ከሦስት ሰው በአንዱ አፍንጫ ውስጥ ገደማ ይኖራል፤ ምናልባት ይህን በምታነቡበት ሰዓት በእናንተም ውስጥ አለ። ብዙውን ጊዜ ማንንም አይጎዳም። ቆዳ ተቀዶ ሲገባ ግን ብጉንጅ ያወጣል፤ ደም ውስጥ ከዘለቀ ሊገድል ይችላል። ባክቴሪያው ያው ነው፤ ታዲያ ምን ቀየረው?

ጆሮም ምላስም የለውም። ያለው ፔፕታይድ ነው፤ ከ7 እስከ 9 አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት፣ ጫፉ እንደ ቀለበት የታጠፈ ቁራጭ። እያንዳንዱ ባክቴሪያ ይህን እየሠራ ወደ ውጭ ይለቃል። ጥቂት ሲሆኑ ፔፕታይዱ ተበትኖ ይቀራል። ሲበዙና ሲጠጋጉ ግን ይጠራቀምና በላያቸው ላይ ያለው ተቀባይ ፕሮቲን ይይዘዋል። መልእክቱ የደረሰው ባክቴሪያ ደግሞ ፔፕታይዱን አብዝቶ ያመርታል፤ ወሬው እንደ እሳት ይዛመታል።

ከዚያ በኋላ የቤቱ አስተዳደር ይቀየራል። ጥቂት ሳሉ ጉልበታቸውን የሚያውሉት ሰውነት ላይ ለመጣበቅ ነበር። አሁን የማጣበቂያውን ፕሮቲን ይቀንሱና መርዝ፣ እንዲሁም የሰውነትን ሥጋ ሰባብረው ምግብ የሚያደርጉ ኢንዛይሞች ያመርታሉ። ቀድመው ቢጀምሩስ? ጉልበታቸው በከንቱ ያልቅ ነበር፤ የሰውነት መከላከያም ገና በጥቂትነታቸው ይነቃባቸዋል። ሱብሃነላህ፣ አእምሮ ለሌለው ነገር ይህን የመሰለ ስሌት!

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ይህ መልእክት ሊጠለፍ መቻሉ ነው። የዚህ ባክቴሪያ ፔፕታይድ አራት ዓይነት ነው፤ የአንዱ ወገን መልእክት የሌላውን ወገን ተቀባይ ብዙ ጊዜ ይዘጋዋል። ሌላ ዘር የሆነ ባክቴሪያም ይህን ያደርጋል። በ2018 የወጣ ጥናት 200 የታይላንድ ገጠር ነዋሪዎችን መርምሮ ነበር። አንጀታቸው ውስጥ ባሲለስ የተባለው ባክቴሪያ ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ስታፊሎኮከሱ አልተገኘም። ምክንያቱ ሲፈለግ፣ ባሲለሱ ፌንጋይሲን የሚባል ፔፕታይድ ይሠራል፤ መልኩ ከስታፊሎኮከሱ መልእክት ጋር ስለሚቀራረብ ተቀባዩን ይይዝበታል፤ መልእክቱም መግቢያ ያጣል።

ብዙ አንቲባዮቲክ ለማይበግረው ጠላት፣ ተመራማሪዎች ከመግደል ይልቅ ዝም ማሰኘትን የሚያጠኑት ለዚህ ነው። ገና በምርምር ላይ ስለሆነ ግን ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት በዚህ ተስፋ እንዳታቋርጡ።