ዜና የሚነገርበት ቤት እንዴት ይሠራል?

ገበሬ ቤት ከመሥራቱ በፊት ብዙ ነገር ያስባል። ነፋሱ ከየት ይመጣል? ጎርፉ በየት ይወርዳል? እህሉ የት ይቀመጣል? ከብቱ የት ያድራል? ምሰሶ የሚተክለው ይህን ሁሉ አውጥቶ አውርዶ ነው። ቤት የሚሠራው ለሥራው እንዲመች ነውና።

የቴሌቪዥን ጣቢያም አዲስ የዜና ስቱዲዮ ሲያሠራ እንዲሁ ማሰብ አለበት። ስቱዲዮ ማለት በሬዲዮ ወይም በቴሌቪዥን የሚተላለፈው ንግግር የሚነገርበት ክፍል ነው። “ብቸናና ሞጣ ለሚኖር ሰው ይህን ማወቁ ምን ይሠራለታል?” ይባል ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። ዜናው የሚነገረው ለእርሱ ነው። ያ ክፍል በደንብ ካልተሠራ የተነገረው ነገር ተዛብቶ ይደርሰዋል።

ቴሌቪዥን በአገራችን

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ የተጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ስቱዲዮ የነበረው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር። የሚታየውም በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ነበር። በቀለም ማሳየት የተጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 ነው።

በአማራ ክልል ደግሞ በ1987 ዓ.ም. በኵር ጋዜጣ በባሕር ዳር መታተም ጀመረች። ከዚያ ሬዲዮ፣ ቀጥሎም ቴሌቪዥን መጣ። የክልሉ ቴሌቪዥን በመጀመሪያ ዝግጅቱን ያቀርብ የነበረው በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ላይ በተመደበለት ሰዓት ነው። በኋላ የራሱን ሥርጭት በሳተላይት ጀመረ። ድርጅቱ ዛሬ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን፣ ባጭሩ አሚኮ ይባላል። በሰው ሰዓት ጥቂት የሚናገር ጣቢያ ትንሽ ክፍል ይበቃው ይሆናል። ቀንና ሌሊት የሚናገር ጣቢያ ግን ለዜና ተብሎ የተሠራ ቤት ያስፈልገዋል።

ስለ ድምፅ

አንድ ሙከራ እናድርግ። ባዶ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ግቡና አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል። ቀጥሎ ጭድ የሞላበት ጎጆ ውስጥ ግቡና አጨብጭቡ። ድምፁ እዚያው ይቀራል። ጠጣር ነገር ድምፅን ይመልሳል፤ ለስላሳ ነገር ድምፅን ይውጣል።

የተመለሰ ድምፅ በሚቀጥለው ቃል ላይ ይደረባል። የቃሉ መጨረሻ ይጠፋል። “ዘጠኝ” እና “ዘጠና” የሚለዩት በመጨረሻቸው ነው። የጤፍ ዋጋ ወይም የማዳበሪያ መጠን ሲነገር ዘጠኙ ዘጠና ቢመስል፣ የሚጎዳው ሰሚው ነው። ስለዚህ የስቱዲዮ ግድግዳ በውስጥ በኩል ለስላሳ ነገር ይለብሳል። ወለሉም ምንጣፍ ይነጠፍበታል።

የውጭውን ጩኸት ለመከላከል ግን ለስላሳ ነገር አይበቃም። ጋቢ በመስኮት ላይ ብንሰቅል የውሻው ጩኸት አልፎ ይገባል። የውጭን ድምፅ የሚያቆመው ክብደት ነው። በዚህ ምክንያት ግድግዳው ድርብ ሆኖ ይሠራል፤ በመካከሉም ባዶ ቦታ ይተዋል። በሩም ሁለት ነው። ሰው አንዱን ዘግቶ ሌላውን ይከፍታል።

ጣራውም ይታሰብበታል። በሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው እንኳ አይደማመጡም። የሣር ክዳን ግን ዝናቡን ዝም ያሰኘዋል። የስቱዲዮ ጣራ ቆርቆሮ ከሆነ ከሥሩ ሌላ ከባድ ጣራ ያስፈልገዋል። መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተርም ከክፍሉ ርቆ ይተከላል።

ስለ ብርሃን

ኩራዝ በአንድ ወገን ሲቀመጥ የሰው ፊት ግማሹ ይታያል፤ ግማሹ ይጨልማል። ከአገጭ በታች ሲያዝ ደግሞ ፊቱ ያስፈራል። ስለዚህ በስቱዲዮ ቢያንስ ሦስት መብራቶች አንድን ሰው ያበራሉ። አንደኛው ዋናው ነው፤ ከፊት ለፊት ትንሽ ወደ ጎን ሆኖ ከላይ ያበራል። ሁለተኛው በሌላው ጎን ሆኖ ጥላውን ያለሰልሳል። ሦስተኛው ከኋላ ሆኖ ራሱንና ትከሻውን ከግድግዳው ይለያል። መብራቶቹ የሚንጠለጠሉት ከጣራ ነው። ጣራው ዝቅ ካለ ካሜራው መብራቱንም ያየዋል። ስለዚህ ቤቱ ከፍ ብሎ ይሠራል።

የስቱዲዮ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ መስኮት የለውም። አንዱ ምክንያት ጩኸት ነው። ሌላው ፀሐይ ናት። የፀሐይ ብርሃን በቀትር ይነጣል፣ ወደ ማታ ይቀላል፣ ደመና ሲመጣ ይደበዝዛል። ካሜራ በአንድ ሰከንድ 25 ሥዕል ያነሣል፤ ይህን ለውጥ ሁሉ ይመዘግባል።

የድሮ መብራቶች እንደ ምድጃ ይሞቁ ነበር። ዜና የሚያነበው ሰው ላብ ያሰምጠው ነበር። ዛሬ ኤል.ኢ.ዲ. የሚባሉ መብራቶች አሉ። እነዚህ ብዙ አይሞቁም፤ የሚፈጁትም ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው።

ነጭ ልብስና ጥቁር ፊት

እዚህ ላይ ለእኛ አገር ሰው ልዩ ጉዳይ አለ። ካሜራ በጣም ነጭ ነገርንና ጠየም ያለ ነገርን ባንድ ጊዜ አጥርቶ ማሳየት ያስቸግረዋል። የእናርጅ እናውጋ ገበሬ ነጭ ጋቢ ለብሶ ለቃለ መጠይቅ ቢቀመጥ፣ ካሜራውም በጋቢው ልክ ቢስተካከል፣ ጋቢው ያምራል፤ ፊቱ ግን ጥላ ይሆናል። ሰው የሚታወቀው በፊቱ ነው። ዐይኑ ካልታየ ማዘኑና መደሰቱ አይታወቅም። ስለዚህ ካሜራው በፊቱ ልክ መስተካከል አለበት፤ መብራቱም ፊቱን መርዳት አለበት። ነጠላና ጋቢ የሚለበስበት አገር ስቱዲዮ የሚሠራ ሰው ይህን ገና ሲነድፍ ሊያስብበት ይገባል። እንግዳውን “ልብስህን ቀይረህ ና” ማለት የባለሙያ ወግ አይደለም።

ወንበሩና ጠረጴዛው

ጠረጴዛው ከፊት ለፊት የሚታየው ዕቃ ነው። የሚያብረቀርቅ ከሆነ መብራቱን መልሶ ዐይን ይወጋል። ስለዚህ የማያንጸባርቅ መሆን አለበት። ከኋላ ያለው ግድግዳ ወይም ትልቅ የሥዕል ማሳያ ብዙ ነገር ከታጨቀበት ተመልካች ንግግሩን ትቶ ያንን ያያል።

የእንግዳው ወንበር ከጠያቂው ወንበር ጋር እኩል መሆን አለበት። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ አንዱ ጌታ አንዱ ሎሌ ይመስላሉ። በምልክት ቋንቋ ለሚያስተረጉመው ሰውም ቦታ ይተውለታል። በጋሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ደግሞ መግቢያው ደረጃ ሊሆን አይገባም።

ዜና አንባቢው ቀና ብሎ እያየን ብዙ የሚናገረው ሁሉን በቃሉ ስለያዘ አይደለም። በካሜራው ፊት ዘንበል ያለ መስታወት አለ። ጽሑፉ በመስታወቱ ላይ ከታች ወደ ላይ እየሄደ ይታየዋል። እኛ የምናየን ይመስለናል፤ እርሱ ግን እያነበበ ነው።

የማይታዩት ሠራተኞች

ከስቱዲዮው አጠገብ መቆጣጠሪያ ክፍል አለ። እዚያ ያሉ ሰዎች አይታዩም። አንዱ ድምፁን ያስተካክላል። አንዱ ከሁለት ወይም ከሦስት ካሜራ የሚመጣውን ሥዕል ያቀያይራል። አንዱ ሰዓት ይቆጥራል። ሥራው እንደ ደቦ ነው፤ አንዱ ቢያቋርጥ ሁሉም ይቆማል። ዲዛይን አውጪው ይህን ክፍል ጠባብና የታፈነ ካደረገው ድካሙ በዜናው ላይ ይታያል።

ዜናው እንዴት ይደርሰናል?

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚደርስ መንገድ አለ። ከሞጣ ባሕር ዳር ወደ 120 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የቴሌቪዥን ሥዕል ግን በዚህ መንገድ አይመጣም። በምድር ላይ የሚላከው የቴሌቪዥን ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እንደ ጮቄ ያለ ተራራ ፊቱ ላይ ከቆመ ይጋረዳል። ስለዚህ በየከፍታው ተቀባብሎ የሚያደርስ ምሰሶ መትከል ያስፈልጋል።

ሳተላይት ይህን ችግር አቃለለው። ሳተላይት ከምድር ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ከስቱዲዮ የወጣው ሥዕል ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከዚያም ቤታችን ደጃፍ ወደተተከለው ዲሽ ይወርዳል። 72,000 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ይህን ጉዞ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ፣ በሩብ ሰከንድ ያህል ይጨርሰዋል። ይህን ያህል ተጉዞ የሚመጣ ቃል ከምንጩ የደፈረሰ ከሆነ በመንገድ ላይ አይጠራም።

ቤቱና ቃሉ

አሁን ትልቁን ነገር እንናገር። ስቱዲዮ የሚያምረው ሆን ተብሎ ነው። ብርሃኑ፣ ጠረጴዛው፣ የአንባቢው ልብስ፣ ሁሉም እንድናምን ይጋብዘናል። ጥሩ ቤት ቃሉ እንዲሰማ ያደርጋል፤ ቃሉን እውነት ማድረግ ግን አይችልም። ጋኑ ስላማረ ጠላው አይጣፍጥም። ጋኑ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ጠላውን ግን ቀምሰን ነው የምንፈርደው።

ስለዚህ ዜና ስንሰማ አራት ነገር እንጠይቅ። ይህን ያለው ማነው? የሆነው መቼና የት ነው? ተናጋሪው እንዴት ዐወቀ? ነገሩ የሚነካቸው ሰዎችስ ተጠይቀዋል? ተምች ገባ ቢባል፣ በየትኛው ወረዳ እንደሆነ ያልተነገረ ዜና ለገበሬው ጥቅሙ ትንሽ ነው። የዋጋ ዜናም የየትኛው ገበያና የየትኛው ቀን እንደሆነ ካልተነገረ ሰውን ያሳስታል።

የስቱዲዮ ሥራ የሚለካው በዚህ ነው። የብቸና ሰው ቁጥሩን ሳይሳሳት ከሰማ፣ የሞጣ እናት እንደ ጠያቂዋ እኩል ተቀምጣ ፊቷ ፈክቶ ከታየ፣ ቤቱ በሚገባ ተሠርቷል ማለት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ድምፅን የሚመልሱና ድምፅን የሚውጡ ነገሮችን ከቤታችሁ ፈልጋችሁ ጻፉ።
2. የስቱዲዮ በር ሁለት የሆነው ለምንድን ነው?
3. ሦስቱ መብራቶች እያንዳንዳቸው ምን ይሠራሉ?
4. በዚህ ሳምንት የሰማችሁትን አንድ ዜና አስታውሱ። አራቱን ጥያቄዎች ጠይቁት። ስንቱን መለሰ?