ፊኛውን እንጂ ሕፃኑን አናርቅ፦ ስለ ላቴክስ አለርጂ አጭር ትምህርት



በሰንበት ትምህርት ቤት በዓላት አዳራሹን በፊኛ ማስጌጥ በብዙ አጥቢያዎች ተለምዷል። ለደስታ የሰቀልነው ፊኛ ግን ለአንዳንድ ሕፃናት የሕመም፣ አልፎ አልፎም የሞት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ላቴክስ ከጎማ ዛፍ የሚንጠባጠብ ወተት መሰል ፈሳሽ ነው። ፊኛ፣ የሕክምና ጓንትና አንዳንድ የጡጦ ጫፎች ይሠሩበታል። የአንዳንድ ሕፃናት ሰውነት በውስጡ ያለውን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋዋል። ይበልጥ የሚያሰጋው ስፓይና ባይፊዳ የተባለ የአከርካሪ ክፍተት ይዘው ለተወለዱና ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው ሕፃናት ነው፤ ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ጓንትና የሽንት ቱቦ ደጋግሞ ይነካቸዋልና። የሙዝ፣ የአቮካዶና የፓፓያ ፕሮቲን ከላቴክስ ጋር ስለሚመሳሰል፣ እነዚህን ሲበሉ አፋቸውን የሚያሳክካቸው ሕፃናትም ሊመረመሩ ይገባል።

ምልክቱ የከንፈር ማበጥ፣ ሽፍታ፣ ማሳከክና ማስነጠስ ነው። ሲብስ ደረት ያፏጫል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሕፃኑም ራሱን ይስታል። አለመንካት ብቻውን አይበቃም፤ በፊኛና በጓንት ላይ ያለው ዱቄት ፕሮቲኑን ይዞ በአየር ይበተናል። አሜሪካ ዱቄት ያለባቸውን የሕክምና ጓንቶች በጥር 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) ያገደችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስለዚህ አጥቢያዎች የሚከተለውን እንዲፈጽሙ እናሳስባለን፦

1. ሕፃናት ሲመዘገቡ ወላጆችን ስለ አለርጂ፣ ስለ አስምና ስለ ቀዶ ሕክምና መጠየቅ፤
2. አዳራሹን በፊኛ ፋንታ በቄጠማ፣ በአበባና በወረቀት ሰንደቅ ማስጌጥ፤
3. ለክሊኒካችንና ለመጀመሪያ ርዳታ ሣጥናችን የናይትራይል ወይም የቪኒል ጓንት መግዛት፤
4. ትንፋሽ ያጠረውን ወይም ራሱን የሳተውን ሕፃን ከላቴክሱ አርቆ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ። በዚያ በጭኑ ጡንቻ የሚወጋው አድሬናሊን ሕይወቱን ያተርፋል።

በበዓል መካከል ድንገት የወደቀን ሕፃን «ዓይን በላው» ብሎ ማቆየት ውድ ደቂቃዎችን ያባክናል። ጸሎቱና ጠበሉ ከሕክምናው ጋር አብረው ይሄዳሉ እንጂ ሕክምናውን አያዘገዩትም።

ችግሩ ያለበትን ሕፃን «ይቅርብህ» ብለን ከበዓሉ ብናስቀር፣ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ማኅበር ለየነው ማለት ነው። ጌታችን ሕፃናት ወደ እርሱ እንዳይመጡ የከለከሏቸውን ገሥጿል። የምናወጣው ፊኛውን ነው፤ ሕፃኑ ግን ከመዘምራኑ መካከል ይቁም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።