ስለ ሞተር ብሮንዚና መበላትና ስለ እድሳቱ

የመኪና ሞተር የሚሠራውን ሥራ ከውጭ ሆነን ስለማናየው ብዙዎቻችን የምናውቀው ድምፁን ብቻ ነው። እኔ ግን በዚህ በሞጣ ከተማ በአንድ ጋራዥ የጭነት መኪና ሞተር ሲፈታና ሲታደስ የተመለከትሁትን፥ በፊዚክስ ከተማርነው ጋር አስተያይቼ ለተማሪ ጓደኞቼ ባጭሩ ላስረዳ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ብሮንዚና ምን እንደ ሆነ እንወቅ። ነዳጅ በሲሊንደር ውስጥ ሲቃጠል ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። ቢዬላ የሚባለው ክንድም ግፊቱን ተቀብሎ ክራንክ ሻፍት የሚባለውን ዘንግ ያዞረዋል። ቢዬላው ዘንጉን በሚጨብጥበት ቦታ እንደ ግማሽ ቀለበት የተሠሩ ሁለት ስስ ብረቶች ይገባሉ፤ ብሮንዚና የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ጀርባቸው ብረት፥ ፊታቸው ለስላሳ የማዕድን ቅልቅል ነው። በብሮንዚናውና በዘንጉ መካከል ያለው ክፍተት 0.05 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፥ ፖምፓው የሚገፋው ዘይት በዚያ ገብቶ ሁለቱን ያለያያቸዋል። እንግዲህ ጤነኛ ሞተር የሚሽከረከረው በብረት ላይ ሳይሆን በዘይት ላይ ነው።

ዘይቱ ካነሰ፥ ከቆሸሸ ወይም በነዳጅ ከቀጠነ ግን ብረት ከብረት ይፋተጋል። ለስላሳው ፊት ግሎ ይቀልጣል፤ ክፍተቱም ሰፍቶ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ፍጥነትም ጉዳቱን ያብሳል። ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ፒስተን በሴኮንድ 50 ጊዜ ይወጣል፥ ይወርዳል። ዙሩ እጥፍ ቢሆን ፒስተኑ ቢዬላውን የሚጎትትበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የእሽቅድምድም መኪና ብሮንዚና ቶሎ ከሚጎዳባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሾፌርም አስቀድሞ ፍጥነቱን በፍሬን ሳይቀንስ ከባድ ማርሽ ቢያስገባ፥ ሸክሙ ሞተሩን ከልኩ በላይ ስለሚያሽከረክረው ያው አደጋ ይደርስበታል።

የተመለከትሁት ሞተር ባለ 4 ሲሊንደር ነበር። ባለ መኪናው ቸኩሎ «ብሮንዚናውን ብቻ ይለውጡልኝ» ቢላቸው፥ ሽማግሌው መካኒክ «ልጄ፥ የበላውን ሳናገኝ ብንለውጠው እንደ ገና ይበላብሃል» ብለው መለሱለት። የዘይቱ ማጠራቀሚያ ሲወርድ በሥሩ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ተገኘ። ፖምፓው ዘይት የሚስብበት ወንፊትም ሳይለወጥ በቆየ ዘይት ዝቃጭ ተደፍኖ ነበር።

ሥራው እንደሚከተለው ተፈጸመ።

፩ኛ፥ ቢዬላዎቹ ከነክዳናቸው እንዳይደባለቁ ምልክት ተደረገባቸው።

፪ኛ፥ ዘንጉ በማይክሮሜትር በልዩ ልዩ ቦታ ተለካ። ክብነቱን አጥቶ ስለ ተገኘ ወደ ባሕር ዳር ተልኮ ውፍረቱ በ0.25 ሚሊሜትር ተቀነሰ፤ ለዚሁ ልክ የተሠራ ወፈር ያለ ብሮንዚናም ተገዛለት።

፫ኛ፥ የዘይት መተላለፊያዎች ሁሉ ታጥበው በአየር ተነፉ፤ ፖምፓው ተመረመረ፤ ማጣሪያው ተለወጠ።

፬ኛ፥ የቢዬላዎቹ ብሎኖች በአዲስ ተተክተው በፋብሪካው መጽሐፍ በታዘዘው ልክ ጠበቁ፤ ዘንጉም ሳይነክስ መዞሩ በእጅ ተፈተነ።

፭ኛ፥ ነዳጁ ተዘግቶ ዘይት በየቦታው እስኪደርስ ሞተሩ በሞተሪኖ ብቻ ዞረ፤ ከዚያ በኋላ ተነሣ። ማንኳኳቱም አልተሰማም።

ተማሪ ጓደኞቼ ሆይ፥ ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ በክፍል የሚያሰለቸን የአስርዮሽ ቁጥር በጋራዥ የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ የሚያድን መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ የተበላሸውን ከመለወጥ በፊት ያበላሸውን መፈለግ እንደሚገባ ነው። መኪና ያለው ዘመድ ያላችሁ ዘይቱን በጊዜው እንዲለውጥ፥ የዘይቱም መብራት በመንገድ ላይ ቢበራ ጥግ ይዞ ሞተሩን ወዲያው እንዲያጠፋ ንገሩት። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለሞተርም ይሠራል።